ሁለት ጣት ትርፍ

ግንቦት 20፣ ሐሙስ

ይህ የልኬት ደብተሬ ነው። እስከ ግማሹ የሰው ወገብና ትከሻ ሞልቶበታል፤ ከዚህ ወዲያ ያለው ለኛ ጉዳይ ይሁን። ሐሳቡ የልጄ ነው። "አባዬ፣ ሐኪሞቹ የሚሉህን ጻፈው፤ አንተ እንደሆንክ በዚህ ሰምተህ በዚያ ነው የምታፈሰው" አለችኝ። እውነቷን ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሱቃችን ውስጥ አፍ የነበራት ባለቤቴ ናት። እኔ እሰፋለሁ፣ እሷ ትናገራለች። ደንበኛ ግንፍል ብሎ ሲመጣ እሷ ታበርደዋለች፣ እኔ አንገቴን ደፍቼ ክር እቆርጣለሁ። አሁን እሷ ሆስፒታል ተኝታ ከሐኪም ጋር የምነጋገረው እኔ ሆኜ አረፍኩት።

ሞተር ሳይክል ከገጫት ዛሬ ሳምንቷ። መንገድ ስትሻገር ነው። ዕቃ ይዛ ነበር።

ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፣ ግን ረጋ ብሎ ያስረዳል። "ምቱ የፈጀው አንድ ሰከንድ ነው፤ እሱን መመለስ አንችልም" አለኝ። "አሁን የሚያስቸግረን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። አንጎላቸው ተቆጥቷል።"

"እንደ ቁስል?" አልኩት።

"እንደ ቁስል። ቁስል ሲቆጣ ዙሪያው አብጦ ያተኩስ የለ? ያ ቁጣ ቶሎ ካልበረደ ያልተመታውንም ክፍል ይጎዳዋል።"

ይሄ ገብቶኛል። ካውያ የነካው ጥጥ ከላይ የጠፋ መስሎ ከውስጥ ሲጤስ አይቻለሁ።

ግንቦት 22፣ ቅዳሜ

አዲስ መድኃኒት አለ። ገና በጥናት ላይ ነው፤ የአንጎልን መቆጣት ያበርዳል ተብሎ የሚሞከር እንክብል። የምታስረዳን ሴት ብዙ ወረቀት ታቅፋ መጣች። ስሟን ነግራኝ ወዲያው ስለጠፋብኝ ባለ ቅጿ ብያታለሁ። ጥሩ ልጅ ናት። የነጭ ጋዋኗ ኮሌታ በግራ በኩል ወደ ውስጥ ተጣሞ ተሰፍቷል። የቸኮለ ሰው ሥራ ነው። ፈትቼ ባስተካክልላት ሃያ ደቂቃ አይፈጅብኝም፤ ከላይ ያለውን ስፌት ብቻ መፍታት ነው። ይህን ሳሰላስል "ገብቶዎታል ጋሼ?" አለችኝ።

"ገብቶኛል" ብዬ ፈረምኩ።

የያዝኩት ይህን ነው። ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለት እንክብል፣ ከምግብ ጋር፣ ለስድስት ሳምንት። ከዚያ ምርመራ። ቤት ስንገባ በየቀኑ ቅጽ መሙላት አለ። ቅጹ ከሥሩ ካርቦን አለው፤ ዋናው ለነሱ፣ ግልባጩ ለኛ።

ኮሪደሩ ላይ ወንድሙን የሚያስታምም አንድ ሾፌር አገኘሁ። "ለውጥ ያላሳየውን ያስወጡታል አሉ። መድኃኒቱ ጥቂት ነው፣ ለማይሻለው ሰው ምን ብለው ያባክናሉ" አለኝ። ይህንንም ያዝኩት።

ግንቦት 24፣ ሰኞ

ጀመረች። ሁለቱንም ዋጠች። ዋጠችና አይታኝ "ነገ ይደርሳል" አለችኝ።

ይህ የሱቃችን ቃል ነው። ሥራ ባልደረሰልኝ ቁጥር እሷ በሬ ላይ ቆማ ለደንበኛ የምትለው። አሁን ለሐኪሙም፣ ለነርሷም፣ ለኔም የምትለው ይህንኑ ሆኗል። "የት ጋ ነው የሚያምዎት እናቴ?" "ነገ ይደርሳል።" ነርሷ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፤ ከዚያ ውሃ ላምጣ ብዬ ወጥቼ ውሃም ሳላመጣ ቀረሁ።

ግንቦት 29፣ ቅዳሜ

ቤት ገባን። ከሱቁ ጀርባ ያለውን ክፍል ልጄ አጥባ አንጥፋ ጠበቀችን። እሷ የምታስተምረው ሌላ ከተማ ስለሆነ የምትመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነው። በሌላው ቀን የባለቤቴ ታላቅ እህት፣ እትዬ፣ እየመጡ ሊያግዙኝ ነው። እትዬ እጃቸው ወርቅ ነው፤ ምላሳቸው ደግሞ ምላጭ። በሩን ገና ሳያልፉ "ይሄን የስፌት መኪና እዚሁ አጠገቧ ልትረግጥ ነው?" አሉኝ። ሌላ ቦታ የለኝም እኮ፣ እትዬ።

ሰኔ 3፣ ረቡዕ

የቅጹ ነገር እንዲህ ነው። ራስ ምታት ከዜሮ እስከ አሥር ይከበባል። እንቅልፍ፣ ንዴት፣ እነሱም እንደዚያው። ቀጥሎ አሥር ሥዕል ያለበት ካርድ አለ፤ አንድ በአንድ አሳይቼ ስንቱን በስሙ እንደጠራችው እጽፋለሁ። የመጨረሻው መስመር "ታማሚው ራሱ ምን ይላል?" የሚል ነው። እዚያ ላይ "ደህና ነኝ" ትላለች ብያለሁ። ታዲያ ምን ልበል፣ "ነገ ይደርሳል" ብዬ ልጻፍ?

ካርዱን ጠዋት አሳያታለሁ፤ ቅጹን ግን የምሞላው ከምሳ በኋላ ጋደም ስትል፣ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ነው። ያኔ ነው እጄ ባዶ የሚሆነው።

ዛሬ አራት አወቀች። ማንኪያ፣ ድመት፣ ጫማ፣ ዓሣ። መቀሱን ሳሳያት "ያንተ" አለችኝ። ዘወር አድርጌ እንደገና አሳየኋት። "ያንተ ነው አልኩህ" ብላ ተቆጣች። ልክ ናት፣ መቀስ የኔ ነው። አምስት ብዬ ጻፍኩ።

ሰኔ 5፣ ዓርብ

ጨርቅ ስቆርጥ ከልኩ ላይ ሁለት ጣት ትርፍ እተዋለሁ። ሰው ይወፍራል፣ ልጅ ያድጋል፣ ጨርቅ ታጥቦ ይሰበሰባል። ሙያውን ያስተማሩኝ ሰውዬ ከሁሉ በፊት ያስጨበጡኝ ይህን ነው፤ ልክ በልኩ የሚቆርጥ ሰፊ ነገ ያፍራል ይሉ ነበር።

ዛሬ አራት አወቀች። ስድስት ጻፍኩ። ነገ ትሞላዋለች። ራስ ምታቷን ስድስት ገመትኩና አራት አከበብኩ። ውሸት አይደለም፤ ትርፍ ነው። አራት አራት እያልኩ ሳምንት ብልክላቸው "ይህች ሴት አልቀናትም" ብለው እንክብሉን ከአፏ ቢወስዱትስ?

ሰኔ 9፣ ማክሰኞ

እትዬ ከልጄ ጋር በስልክ ሲያወሩ ሰማሁ። እኔ ከደንበኛ ጋር ውጭ ያለሁ መስሏቸዋል።

"አባትሽማ እሷን ላካት እንጂ። ራሱ ሄዶ ፊት ለፊት መቆም አቅቶት!"

ገብቼ መኪናዬ ላይ ተቀመጥኩና ረገጥኩ። ስንት ደቂቃ እንደረገጥኩ እንጃ። በኋላ ሳየው መርፌው ሥር ጨርቅ አልነበረም።

ሰኔ 11፣ ሐሙስ

የሦስት ሰው ሥራ ተደራርቧል። ማታ አንዱን እንክብል ተፋችው፣ በእርጎ ደግሜ ሰጠኋት። ቃላት ስድስት (አራት)። ራስ ምታት ሦስት። ደህና ነኝ ትላለች።

ሰኔ 14፣ እሑድ

ዝናብ ነው። ሱቁ ተዘግቷል፣ እትዬ ዛሬ አይመጡም፣ እሷ ተኝታለች። ሰው ከሌለ ልጻፈው።

ያን ዕለት ይዛው የነበረው ዕቃ ቀሚስ ነው። የደንበኛችን የመምህርቷ ቀሚስ። መምህርቷ ጡረታ ስትወጣ ለሽኝቷ የምትለብሰው ጥቁር ሰማያዊ፣ ደረቱ ላይ በራሱ ጨርቅ የተሸፈኑ ሰባት ቁልፎች ያሉት። ማክሰኞ እሰጥሻለሁ ብዬ የጨረስኩት ሐሙስ ረፋድ ላይ ነው። ሽኝቱ ሐሙስ ከሰዓት። መምህርቷ ደግሞ አንዴ "አንተ ሰውዬ" ብላ ከጀመረች ክፍል ሙሉ ተማሪ ፊት የቆምክ ያህል ነው የምታሸማቅቅህ። ስለዚህ ባለቤቴን "አንቺ አድርሺላት፣ አንቺ ታውቂበታለሽ" አልኳት።

"አጥፊው አንተ፣ ተሰዳቢዋ እኔ" አለችኝ እየሳቀች። ሹራቧን ደርባ ቀሚሱን ክንዷ ላይ አጋደመችው። መሬት እንዳይነካ ከፍ አድርጋ ነው የያዘችው፤ ከፊቷ ያለውን ያየች አይመስለኝም። በሩ ጋ ስትደርስ "ፍጠኚ እንጂ!" አልኳት።

ይህችን ቃል ለፖሊሱም፣ ለሐኪሙም፣ ለልጄም አልተናገርኩም።

ከበራችን እስከ መሻገሪያው ሁለት መቶ አሥራ አራት እርምጃ ነው። የጎማውን ሲጥታ ሰምቻለሁ። ሰምቼ ቀና አላልኩም። የሌላ ሰው ሱሪ እየዘመዘምኩ ነበር፤ ጫፉ ላይ ደርሼ፣ ይህቺን ልጨርሳት ብዬ።

መምህርቷ ሁለት ጊዜ መጥታ ጠይቃታለች። ብርቱካን ይዛ። ስለ ቀሚሱ ትንፍሽ አላለችም። እንደ ልማዷ ብትጮህብኝ ምነው ደስ ባለኝ።

ሰኔ 17፣ ረቡዕ

ዛሬስ ደስ የሚል ነገር አየሁ። መኪናዬን ስረግጥ ከጓዳ ወጥታ መጣችና መዳፏን መዘውሩ ላይ አሳረፈችው። መኪናው ቆመ። ፈገግ አልኩላትና ቀጠልኩ። እንደገና ያዘችው። ሦስት ጊዜ! ሥራው ናፍቋታል ማለት ነው፤ እጇ መኪናውን ፈልጎታል።

ሌላም ለውጥ አለ። ሻሿን ራሷ ታስራለች፤ ጥብቅ አድርጋ፣ ግንባሯ ላይ መስመር እስኪያወጣ። ላላ ላድርግልሽ ስላት እጄን ትመታኛለች። መጋረጃውንም ቀኑን ሙሉ የምትዘጋው እሷው ናት። ሴት ቤቷን እንደፈለገች ማድረግ ስትጀምር ደህና ምልክት ነው። ራስ ምታት ሦስት ብያለሁ፤ ሁለትም ቢባል ያስኬድ ነበር።

ሰኔ 20፣ ቅዳሜ

ልጄ ካርዱን ወስዳ ከእናቷ ጋር ስትጫወት ቆየች። ከዚያ ግልባጮቹን አገላበጠች።

"አባዬ፣ ትናንት ሰባት ያልከው የትኞቹን ነው? ለኔ አራት ነው የነገረችኝ።"

"ጠዋት ጠዋት ይሻላታል" አልኳት።

"ያሳየኋት ጠዋት ነው እኮ።"

"ካንቺ ጋር ተቅለስልሳ ይሆናላ። የእናትና ልጅ ነገር።"

ልጄ ብዙ ጊዜ ክርክር አታቆምም። ዛሬ አቆመች። ካርዱን በጎማ አስራ መሳቢያው ውስጥ መለሰችው።

ሰኔ 26፣ ዓርብ

ይህን በትልቁ ልጻፈው። ዛሬ ግራጫ ኮት ላይ ቁልፍ ስተክል አጠገቤ ቆማ "ክሩ ሌላ ነው" አለችኝ። አየሁት። ጥቁር ክር ነው ያነሳሁት፣ ግራጫው ጎኑ ተቀምጦ! ካርድ የለም፣ ጠያቂ የለም፣ ራሷ አይታ ራሷ ተናገረች። መድኃኒቱ እየሠራ ነው። እትዬን ጠርቼ "ሰሙ?" አልኳቸው። "ሰማሁ" አሉና ዓይናቸውን በክንዳቸው ጠረጉት። ደግሞ እሳቸው ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም።

እንክብሉ መቆም የለበትም። ምንም ቢሆን መቆም የለበትም። ቃላት ስምንት ጻፍኩ (አምስት ናት፣ ግን የዛሬዋ ክር አምስት ሥዕል ትበልጣለች)።

ሐምሌ 3፣ ዓርብ

ሰኞ ምርመራ ነው። እጄ ሥራ አልያዘልኝም። አንድ እጅጌ ገልብጬ ተከልኩ፣ እንደ ጀማሪ።

ሐምሌ 6፣ ሰኞ

አለፍን።

ክፍሉ ጠባብ ነው፣ አንድ ጠረጴዛ ሦስት ወንበር። ባለ ቅጿ ፊቷን ወደ ባለቤቴ አድርጋ ተቀመጠች፤ እኔ ከባለ ቅጿ ጀርባ። ካርዱ ከቤቱ የተለየ ነው፤ ያላየናቸው ሥዕሎች። የመጀመሪያው ባልዲ ነበር። ባለቤቴ ባልዲውን አየችው፣ አየችው፣ ከዚያ ዓይኗን አንስታ እኔን አየችኝ። ሱቅ ውስጥ የደንበኛ ስም ሲጠፋኝ እኔ እሷን የማያት ዓይነት ነው። እሷ ያኔ ከደንበኛው ጀርባ ሆና በከንፈሯ ብቻ ትነግረኛለች። ሠላሳ ዓመት ሳታሳፍረኝ።

ከንፈሬን አንቀሳቀስኩ። ባል-ዲ።

"ባልዲ" አለች።

ከዚያ በኋላ ካርዱን ማየት ተወች። እኔን ብቻ ታያለች። ድልድይ። ሚዛን። ጥንቸል። ባለ ቅጿ "ጎበዝ! ጎበዝ!" እያለች ትጽፋለች። ሁለቱን ሆን ብዬ ዝም አልኩ፣ እንዳይበዛ። ከአሥር ስምንት።

ስንወጣ ባለቤቴ ክንዴን ያዘች። አጥብቃ ያዘችኝ። ደስ ብሏት ነው መሰለኝ።

ሐምሌ 8፣ ረቡዕ

ባለ ቅጿ ደወለች። "እንኳን ደስ ያለዎት ጋሼ! የቤቱ ቅጽም የሰኞው ምርመራም በጣም ጥሩ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱን ከነገ ጀምረን ቀስ እያልን በሁለት ሳምንት እናቆምላቸዋለን።"

"ስለዚህ" የምትለዋ ቃል አልገባችኝም።

"ይቀጥላል ነው ያልሽኝ?"

"አይ፣ ይቆማል። ተሽሏቸዋል እኮ፣ አያስፈልጋቸውም።"

አመሰግናለሁ አልኳት። ስልኩን ከዘጋሁት በኋላም ሁለት ጊዜ አመሰግናለሁ ብያለሁ።

ሐምሌ 12፣ እሑድ

በቀን ሁለት ብቻ። ምንም ለውጥ የለም። ምናልባት እውነትም ተሽሏት ይሆናል፤ እነሱ ሐኪሞች ናቸው፣ እኔ ሰፊ።

ሐምሌ 17፣ ዓርብ

በቀን አንድ። ሳህን ወረወረች። እትዬ ላይ ነው። ካርዱን ሳሳያት ከእጄ መንትፋ ዘጭ አደረገችው። ሦስት። ስድስት ጻፍኩ። እጄ ለምዶ እንጂ ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም። አሁን ምን እንዳይወስዱባት ነው የምፈራው?

ሐምሌ 21፣ ማክሰኞ

ዛሬ የመጨረሻዋ እንክብል አለቀች፤ ከዛሬ ወዲያ ቅጽ መላክም የለብኝም። መኪናውን ስጀምር ጮኸች። ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛ። በመንገድ የሚያልፉ ሰዎች ቆመው በመስኮት አዩን። ሱቁን ዘጋሁ። ስለ ክሩ ጠየቅኳት፣ ግራጫውንና ጥቁሩን አሳየኋት። "ነገ ይደርሳል" አለችኝ።

ሐምሌ 23፣ ሐሙስ

ወረቀቱን አነበብኩት። ያን ቀን የፈረምኩበትን። ሁለት ወር ሙሉ መሳቢያዬ ውስጥ የጨርቅ ናሙና ሥር ነበር። ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ ሦስተኛው አንቀጽ፣ ልክ እንዳለ ልገልብጠው፦ "በስድስተኛው ሳምንት በቂ መሻሻል ያላሳየ ታካሚ መድኃኒቱን ለተጨማሪ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። በቂ መሻሻል ያሳየ ታካሚ ያቆማል።"

አምስት ጊዜ አነበብኩት። ሾፌሩ ገልብጦ ነው የነገረኝ። ሾፌሩ ምን ያድርግ፣ እሱም ሰምቶ ነው። ባለ ቅጿ ይህን አንቀጽ በጣቷ እየተከተለች አንብባልኛለች፤ አሁን ትዝ ይለኛል፣ ጣቷን አይቻለሁ። እኔ ኮሌታዋን እያሰብኩ ነበር።

አራት ብዬ ብጽፍ ኖሮ፣ እንዳየሁት፣ ልክ በልኩ፣ ዛሬም እየዋጠች ነበር። እንክብሉን ከአፏ የወሰድኩት እኔ ነኝ። በገዛ እጄ፣ በየቀኑ፣ ፊደሌን አሳምሬ።

ሐምሌ 27፣ ሰኞ

ሄድኩ። ግልባጮቹን ሁሉ ይዤ። አፍ የለኝም ስል ኖሬ ዛሬ ሳልጠየቅ ተናገርኩ። ባለ ቅጿ መጀመሪያ የማጋንን መስሏት "አይዞዎት ጋሼ፣ አንድ ሁለት ቁጥር ብዙ አይለውጥም" አለችኝ። ያኔ ስለ ከንፈሬ ነገርኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና ተነስታ በሩን ዘጋችው።

"ስንቱን ቀን ነው ያሳመሩት?"

"ሁሉንም።"

"አንዱንም ሳይቀር?"

"የመጀመሪያው ቀን አምስት ያልኩት አራት ተኩል ነበር።"

ልትስቅ ይሁን ልታለቅስ አልለየሁም። "ጋሼ፣ መድኃኒቱ ለሌላ ሰው ይሰጥ አይሰጥ የሚወሰነው እኮ በዚህ ወረቀት ነው" አለችኝ። ይህንንም አላሰብኩትም ነበር። የኔን ሚስት ብቻ ነበር ያሰብኩት።

ሐኪሙ ተጠራ። ከጥናቱ ተሰርዛለች፤ ቅጹ ሁሉ እንዳልነበረ ይቆጠራል። የተሰረዘ ሰው ተመልሶ አይገባም። እንክብሉ ደግሞ ከጥናቱ ውጭ የትም የለም።

"ብትቀጥል ኖሮ ይሻላት ነበር?" አልኩት።

"አላውቅም" አለኝ። "ያንን ለማወቅ ነበር ቅጹ።"

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እሱ ግን ወረቀት ስቦ ማስታገሻ ሊያዝላት ጀመረ። "አሁን ራሳቸውን ምን ያህል ያማቸዋል?"

"ስድስት ይሆናል።"

"ራሳቸው ናቸው ያሉት?"

በሁለት ወር አንድም ቀን አልጠየቅኳትም። ሥዕል ጠይቄያታለሁ፣ ባልዲና ድልድይ ጠይቄያታለሁ።

"የመድኃኒቱን መጠን የምወስነው በዚያ ነው" አለኝ። "እርስዎ የገመቱትን ሳይሆን እሳቸው ያሉትን ያምጡልኝ። መናገር ካቃታቸው በጣታቸው ይጠቁሙ። ለጊዜው አነስተኛውን አዝዣለሁ።"

ሐምሌ 29፣ ረቡዕ

ለእትዬ ነገርኳቸው። ስለ ቅጹም፣ ስለ "ፍጠኚ"ም። ድንች እየላጡ ነበር፤ ሳህኑ እስኪሞላ ላጡ። "እኔ እኮ ለሐኪሙ ሻሿን ለምን እንደምታስር ንገረው ልልህ ነበር" አሉኝ በመጨረሻ። "አንተ ደስ ብሎህ ሳይህ ተውኩት።"

ለልጄም በስልክ ነገርኳት። "አራት ብላኝ ዝም ያልኩት እኔም ነኝ አባዬ" አለች። አይደለሽም አልኳት። አላመነችኝም። ማን ያምነኛል ከእንግዲህ።

ነሐሴ 1፣ ዓርብ

ገና አልጠየቅኳትም። ዛሬ ጠዋት ቅጹን ይዤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና ተነሳሁ። ምን ብላ ትመልስልኛለች ብዬ ነው የፈራሁት? እንዳትመልስልኝ ነው ወይስ እንድትመልስልኝ? ማስታገሻው አነስተኛው ነው፤ በቆየሁ ቁጥር የምትቆየው እሷ ናት። ይህን እያወቅኩ ነገ አልኩ።

ነሐሴ 4፣ ሰኞ

ዛሬ ከቁርስ በኋላ ጠየቅኳት። መኪናውን በብርድ ልብስ ሸፍኜ፣ መጋረጃውን እንደዘጋችው ትቼ፣ ወለሉ ላይ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። አንድ ያልተሞላ ቅጽ ቀርቶኝ ነበር። የራስ ምታቱን መስመር አሳየኋት፤ ከዜሮ እስከ አሥር፣ ተደርድረው። ሱቅ ውስጥ የትዕዛዝ ደብተሩን የምትይዘው እሷ ስለነበረች ቁጥር አልጠፋባትም።

"የኔ እመቤት፣ ራስሽን ምን ያህል ያምሻል? ይሄ ምንም አያመኝም ነው። ይሄ ደግሞ ከዚህ በላይ የለም ነው። አሳዪኝ።"

ቁጥሩን አላየችም፤ እኔን ነው ያየችው፣ ከንፈሬን። ለካ አስለምጃታለሁ። አፌን በእጄ ሸፈንኩት።

እርሳሱን ከጆሮዬ ላይ ወሰደችና አሥሩን አከበበች። ክቡ አንዴ አልበቃትም፣ ደጋግማ ዞረችበት፣ ወረቀቱ እስኪቀደድ።

"እሺ" አልኳት። "እሺ፣ አሥር። ለሐኪሙ እወስደዋለሁ፣ ዛሬውኑ እወስደዋለሁ።" ልነሳ ስል ጉልበቴን ያዘችኝ። ዓይኗ ያለው ጎኔ በተቀመጡት ግልባጮች ላይ ነው። ስቤ ሰጠኋት። ከላይ ያለው ሐምሌ 21 ነበር፤ እኔ ያከበብኩት አራት ላይ ነው። አራቱን በጣቷ ነካችው። ከዚያ በእርሳሱ ሰረዘችውና አሥሩን አከበበች። ገጹን እንድገልጥላት በአገጯ ጠቆመችኝ።

ሐምሌ 20። አሥር። ሐምሌ 19። አሥር። ሐምሌ 18 ላይ ትንሽ አሰበችና ዘጠኝ። መኪናውን የያዘችበት ቀን ጋ ስንደርስ እኔ ያልኩትን ሦስት ብዙ ጊዜ አየችው፤ አልተቆጣችም፣ አየችው ብቻ። አሥር። እያንዳንዱን ቀን ታስታውሰው እንደሆነ፣ ወይስ ለሁሉም የምትለው አንድ እንደሆነ አላውቅም፤ አልጠየቅኳትም፣ አልገመትኩም።

አሁን ደክሟት እጇ ቆሟል፤ ይህን የምጽፈው እሷ ስታርፍ ነው። እርሳሱን አልለቀቀችም። ገና ሰኔ አጋማሽ ላይ ነን።